ቤታችሁን በደላላ ስታከራዩ
ደላላው ተከራይ ያመጣል፤ የቤቱ ኃላፊነት ግን ከባለቤቱ አይወርድም

በቤር ሼቫ የሙቀቱ ወራት ሲገቡ የኪራይ ቤት ገበያም አብሮ ይሞቃል። የቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚጀምረው ከቲሽሪ በዓላት በኋላ ቢሆንም፣ ከሌላ ከተማ የሚመጡ ተማሪዎች ቤት መፈለግ የሚጀምሩት ገና ወራት ሲቀሩት ነው። በሶሮካ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች፣ አዲስ የተጋቡ ወጣቶችም ቤት ይፈልጋሉ። በሽኩና ዳሌት፣ በጊሜልና በቤት ቤት ያላቸው ወላጆች ስልካቸው ይጮኻል፤ «መታቬክ ነኝ፣ ቤትዎን ላከራይልዎት» የሚል ድምፅ ይሰማሉ።

አስተማሪ በመሆኔ ወረቀት ይዘው የሚመጡ ወላጆች አይጠፉም። ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ልጆቼ አግብተው ወጡ፤ እኔም ከልጄ ዘንድ ልገባ ነው። ቤቱ ባዶ ከሚቀመጥ ላከራየው ብያለሁ። ደላላው ሁሉን እኔ እጨርሳለሁ ይላል። ልፈርም ወይ?» ይሉኛል። መልሴ ሁልጊዜ በጥያቄ ይጀምራል፦ የፈረሙት ወረቀት ምን እንደሚል በአማርኛ የነገረዎት ሰው አለ?

ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ እናቶችና አባቶች ነው። ደላላን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሥራውን በሥርዓት የሚሠራ ደላላ ብዙ ድካም ያቀላል። ነገር ግን እሱ የሚሠራው የትኛውን ነው፣ ለእናንተ የሚቀረውስ የትኛው ነው? ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አከራይነት ለእኛ አዲስ ነገር ነው

ብዙ ወላጆች «ይህን አለማወቄ ያሳፍራል» ይላሉ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ታሪካችንን ማየት ይበቃል። አባቶቻችን በጎንደርና በዙሪያው ባሉ አገሮች ለብዙ ዘመን ርስት ተነፍገው ኖረዋል። የሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ፣ ሸማ እየሸመኑ ኖሩ። ከምርቱ ለባለ ርስቱ የሚከፍለው ጭሰኛ ነበር እንጂ፣ ከእኛ ወገን ቤት ወይም መሬት አከራይቶ የሚበላ ሰው እምብዛም አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን አዋጅ ሲያወጣ ጭሰኝነት ቀረ፤ መሬቱ ግን የመንግሥት ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። በከተማ ከአንድ በላይ ቤት የነበረው ሰው ትርፉን ተወረሰ፤ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነውን ቤት ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን የኪራይ ቤቶች ድርጅት ያዘው። ስለዚህ እዚያ ባደግንበት ዘመን ቤት ማከራየት የግለሰብ ሥራ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ወይም በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን የመጣው ሰው ከዚያ አገር የአከራይነት ልምድ ይዞ አልመጣም።

እዚህ መጥተን በካራቫን ኖርን፤ ከዚያም በ1990ዎቹ መንግሥት በሰጠው ልዩ ማሽካንታ ብዙ ቤተሰብ ቤት ገዛ። ያ ቤት ዛሬ ለብዙ ወላጆች ያላቸው ብቸኛ ሀብት ነው። ለልጅ የሚወረሰው እሱ፣ በእርጅና የሚያስታምመው እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሀብት ባልገባን ፊርማ አሳልፈን መስጠት የለብንም።

ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት

በመጀመሪያ ቤቱ በእርግጥ የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። ነገሩ የቀልድ ይመስላል እንጂ አይደለም። በዓሚዳር ቤት የሚኖር ሰው ተከራይ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢኖርበትም ቤቱን ለሌላ ማከራየት አይችልም። ቢያከራይ መብቱን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል። ቤቱ የተገዛ ከሆነ ደግሞ በታቡ ወይም በሌላው የምዝገባ ቦታ በማን ስም እንደተመዘገበ እዩ። ባልና ሚስት ሁለቱም ባለቤት ከሆኑ ሁለቱም ይፈርማሉ። አንዱ ካረፈና ውርሱ ካልተጠናቀቀ መጀመሪያ እሱ ይለቅ።

ሁለተኛ፣ ማሽካንታው ካላለቀ የባንኩን ውል አሳዩ። በመንግሥት እርዳታ የተገዛ ቤት «ባለቤቱ ራሱ ይኖርበታል» የሚል ግዴታ ሊኖርበት ይችላል። ባንኩን ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ሦስተኛ፣ ከቢቱዋህ ሌኡሚ የገቢ ማሟያ የምትቀበሉ ከሆነ፣ ማለትም ሃሽላማት ሃክናሳ ወይም ሃቭታሃት ሃክናሳ የሚባለውን፣ ከማከራየታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። የኪራይ ገቢ በዚህ ክፍያ ላይ ለውጥ ያመጣል። ሳያሳውቁ ቆይቶ በኋላ «የወሰዱትን መልሱ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ነገሩ ከባድ ነው። ደላላው ይህን አይጠይቃችሁም፤ ሥራውም አይደለም።

አራተኛ፣ ግብር። መኖሪያ ቤት ለሚያከራይ ግለሰብ ሕጉ ከግብር ነፃ የሆነ ጣሪያ አለው። በ2024 እና በ2025 ጣሪያው በወር 5,654 ሼቄል ነበር። የኪራይ ገቢያችሁ ሁሉ ተደምሮ ከዚህ ካላለፈ ግብር የለበትም። ካለፈ ነፃ የሚሆነው ገንዘብ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አለዚያም ከጠቅላላው ኪራይ 10 በመቶ የሚከፈልበትን መንገድ መምረጥ ይቻላል። በቤር ሼቫ የቆዩ ሰፈሮች የአንድ መለስተኛ ቤት ኪራይ ብዙውን ጊዜ ከጣሪያው በታች ነው። ሁለት ቤት የሚያከራይ ሰው ግን የሂሳብ አዋቂ ያማክር።

ደላላው የሚሠራውና የማይሠራው

የድለላ ሥራ በዚህ አገር በ1996 በወጣ ሕግ ይመራል። ደላላ ለመሆን የመንግሥት ፈተና ማለፍና ሪሽዮን፣ ማለት ፈቃድ፣ መያዝ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው በፍትሕ ሚኒስቴር ያለው የደላሎች መዝጋቢ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ሪሽዮንህን አሳየኝ» ይሁን። በጨዋነት የተጠየቀ ደላላ አይቆጣም። ከተቆጣ ሌላ ፈልጉ።

ደላላው ቤቱን ያያል፣ ዋጋ ይገምታል፣ ፎቶ አንሥቶ ያስተዋውቃል፣ ተከራይ እያመጣ ያሳያል። በታማኝነትና በቅንነት መሥራት፣ ስለ ቤቱና ስለ ጉዳዩ የሚያውቀውን ለእናንተ መንገር ግዴታው ነው። በጉዳዩ የግል ጥቅም ካለው፣ ለምሳሌ ተከራዩ ዘመዱ ከሆነ፣ ያንንም ማሳወቅ አለበት።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ደላላ የሕግ ወረቀት ማዘጋጀት በሕጉ ተከልክሏል። የኪራይ ውል የሕግ ወረቀት ነው። «ውሉንም እኔ እጽፈዋለሁ፣ ጠበቃ ምን ያደርግላችኋል» የሚል ደላላ ከሥራው ወሰን አልፏል። ውሉን ጠበቃ፣ በዕብራይስጡ ኦሬክ ዲን፣ ያዘጋጅ ወይም ቢያንስ ይመልከተው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለውን ነፃ የሕግ እርዳታ፣ ሲዩዓ ሚሽፓቲ የሚባለውን፣ መጠየቅ ይችላሉ፤ በቤር ሼቫም ቢሮ አለው።

ሌላው የማይሠራው ነገር፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ያለውን ሁሉ ነው። የድለላ ሥራ ተከራይና አከራይ ሲዋዋሉ ያበቃል። ዱድ ቢፈነዳ፣ ኪራይ ቢዘገይ፣ ጎረቤት ቢጮኽ የሚጠራው ባለቤቱ ነው። «ቤቱን በየወሩ እከታተላለሁ» የሚል ካለ ያ ኒሁል ነካሲም የሚባል ሌላ ሥራ፣ ሌላ ውልና ሌላ ክፍያ ነው። ሁለቱን እንደ አንድ አድርጋችሁ አትስሙ።

ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ፊርማ

ደላላው መጀመሪያ የሚያስፈርማችሁ የድለላ ትእዛዝ ነው፤ ሃዝማናት ቲቩክ ይሉታል። ይህ ወረቀት ካልተፈረመ ደላላው ክፍያ መጠየቅ አይችልም። በውስጡ የእናንተና የደላላው ስም፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር፣ ጉዳዩ ኪራይ እንጂ ሽያጭ አለመሆኑ፣ የቤቱ መግለጫ፣ ግምታዊ የኪራይ ዋጋና የክፍያው ልክ ሊጻፍ ይገባል። ባዶ መስመር ያለበትን ወረቀት አትፈርሙ። «በኋላ እሞላዋለሁ» ካለ፣ «ሞልተህ ነገ አምጣው» በሉት።

ሁለተኛው ወረቀት ቢላዲዩት ነው፤ ብቸኛ ደላላ የማድረግ ስምምነት ማለት ነው። ይህን ከፈረማችሁ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ደላላ አታስገቡም፤ በራሳችሁ ተከራይ ብታገኙ እንኳ የክፍያ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ሕጉ ይህ ስምምነት በተለየ ወረቀት እንዲፈረም ያዛል። ለመኖሪያ ቤት ከ6 ወር መብለጥ አይችልም። ጊዜው ካልተጻፈበት ደግሞ በ30 ቀን ያበቃል። ደላላውም በምላሹ ቤቱን በተግባር የማስተዋወቅ ግዴታ አለበት፤ ወረቀቱን አስፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ አይችልም።

ለኪራይ ረጅም ቢላዲዩት አያስፈልግም፤ በገበያው ወራት አንድ ወር ይበቃል። አንዳንዱ ደላላ ሁለቱን ወረቀት ደራርቦ «እዚህ፣ እዚህና እዚህ ፈርሙ» ይላል። እናንተ ግን አንድ በአንድ ለዩአቸው።

ክፍያውስ? ሕጉ ልኩን አልወሰነም። የተለመደው የአንድ ወር ኪራይና በላዩ ማዓም ነው፤ ማዓም ከ2025 ጀምሮ 18 በመቶ ነው። ኪራዩ 3,000 ሼቄል ቢሆን ክፍያው 3,540 ይሆናል። «አንድ ወር» ሲላችሁ ማዓምን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞም መደራደር ይቻላል። የሚከፈለውም ፈቃድ ላለው፣ ትእዛዝ ለተፈረመለትና ተከራዩን ላመጣ ደላላ፣ ያውም የኪራይ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። «ለማስታወቂያ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅን አትስሙ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ተቀይሯል። ቀድሞ ብዙ አከራይ «ደላላውን ተከራዩ ይክፈለው» ይል ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፍትሐዊ ኪራይ ሕግ ይህን ከልክሏል። ደላላውን የጠራችሁት እናንተ ከሆናችሁ ከፋዮቹ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ይህን ወጪ ከመጀመሪያው በሂሳባችሁ አስገቡት።

ውሉ ምን ይበል?

ያው የ2017 ሕግ ለመኖሪያ ቤት የሚደረግ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። አገር ቤት ሁለት ሰው ሲዋዋል ሽማግሌ ይቆማል፣ ቃል ይሰጣል፣ ያ ቃል ይከበር ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ሰዎች ሲጣሉ ወደ እሳቸው ይመጡ ነበር፤ የሁለቱንም ወገን አባትና አያት ስለሚያውቁ ቃላቸው ይሰማ ነበር። እዚህ ተከራዩን ማንም አያውቅልንም። የሽማግሌውን ቦታ የሚይዘው ወረቀቱ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል ብላችሁ አስቡ።

በውሉ የተከራዩ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የኪራዩ ልክና የሚከፈልበት ቀን፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ጊዜ፣ አርኖና፣ ውኃ፣ መብራትና ቫዓድ ባይት ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ኪራዩ በቀጥታ ወደ እናንተ የባንክ ሂሳብ ይግባ፤ ቼክም ከሆነ በእናንተ ስም ይጻፍ። ደላላው ኪራይ እንዲቀበል ወይም በእናንተ ፋንታ እንዲፈርም የውክልና ወረቀት አትስጡ። ውክልና ካስፈለገ ለምታምኑት ልጅ ይሁን፣ እሱም በጠበቃ በኩል።

ዋስትና መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ልክ ግን አለው። የባንክ ዋስትና ወይም ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ከ3 ወር ኪራይ፣ ወይም ከጠቅላላው የውሉ ዘመን ኪራይ አንድ ሦስተኛ፣ ከሁለቱ ከትንሹ መብለጥ አይችልም። ለምሳሌ ኪራዩ በወር 3,000 ሆኖ ውሉ የአንድ ዓመት ቢሆን ጣሪያው 9,000 ሼቄል ነው። ውሉ የ6 ወር ቢሆን ደግሞ 6,000 ነው። ተከራዩ ዕዳ ሳይኖርበት ከወጣ በ60 ቀን ውስጥ ይመለስለታል። ይህ ገንዘብ አደራ ነው፤ ለልጅ ሠርግ አታውጡት።

ጥገናም አለ። ቤቱ ለመኖሪያ የሚሆን መሆን አለበት፦ መብራት፣ የሚጠጣ ውኃ፣ የፍሳሽ መውረጃ፣ መስኮት፣ የሚቆለፍ በር ይኑረው። ተከራዩ ያላበላሸው ነገር ሲበላሽና ሲነግራችሁ እስከ 30 ቀን ማስጠገን አለባችሁ። ቤቱን ለመኖር የማይቻል የሚያደርግ አስቸኳይ ብልሽት ከሆነ እስከ 3 ቀን ነው። ስለዚህ ከየወሩ ኪራይ ለጥገና ትንሽ አስቀምጡ።

ማማድን በተመለከተም እውነቱን ተናገሩ። ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ የተሠሩ ሕንፃዎች የተጠናከረ ክፍል እንዲኖራቸው ሕግ ወጣ፤ የቆዩት የዳሌትና የጊሜል ሕንፃዎች ግን ብዙዎቹ የላቸውም። በጁን 2025 የኢራን ሚሳይል ሶሮካንና በከተማችን የመኖሪያ ሕንፃን ከመታ ወዲህ ተከራይ ስለዚህ አጥብቆ ቢጠይቅ አይግረማችሁ። ሚክላት የት እንዳለ አሳዩት፤ ቁልፉ የሚሠራ መሆኑንም አስቀድማችሁ እዩ።

ተማሪ ተከራይ ሲመጣ

በቤር ሼቫ ደላላ ከሚያመጣቸው ተከራዮች ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ሦስት ልጆች አንድ ቤት ይዘው ይካፈላሉ፤ ሹታፊም ይባላሉ። ሦስቱም በውሉ ላይ ይፈርሙ። ውሉም እያንዳንዳቸው ለሙሉው ኪራይ ተጠያቂ እንደሆኑ ይግለጽ። እንዲህ ካልሆነ አንዱ ትምህርት አቋርጦ ሲሄድ የእሱ ድርሻ በእናንተ ላይ ይቀራል። ወላጆቻቸው ዋስ እንዲሆኑ መጠየቅም የተለመደ ነው።

አንዳንድ ደላላ «ሳሎኑን በግድግዳ ክፈሉትና ሁለት ቤት አድርጋችሁ አከራዩ፣ ገቢው እጥፍ ይሆናል» ይላል። ያለ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ይህን ማድረግ ሕገ ወጥ ነው። ክስና ቅጣት ቢመጣ የሚከሰሰው ባለቤቱ ነው፤ ደላላው ያን ጊዜ ስልክ አያነሣም።

ቁልፍ የሚሰጥበት ቀን

በዚያን ቀን ልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ግድግዳውን፣ ኩሽናውን፣ መታጠቢያውን፣ ማዝጋኑን በስልክ ፎቶ አንሡ። የውኃውንና የመብራቱን ቆጣሪ ቁጥር ጻፉ። ያለውን ዕቃ ዘርዝራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከዚያ የአርኖናው ሂሳብ በማዘጋጃ ቤት፣ ውኃው በሜይ ሼቫ፣ መብራቱ በኤሌክትሪክ ኩባንያው ወደ ተከራዩ ስም እንዲዛወር አድርጉ። ውሉ ከአንድ ዓመት ካነሰ አርኖናው በባለቤቱ ላይ እንደሚቀርም እወቁ።

ተከራይ አልከፍል ቢል ደግሞ በር መቀየር፣ ውኃ መዝጋት፣ ዕቃ ማውጣት አይፈቀድም፤ ጥፋተኛው እናንተ ትሆናላችሁ። መንገዱ ደብዳቤ፣ ጠበቃ፣ ከዚያም በሰላም ፍርድ ቤት የማስለቀቂያ ክስ ነው። ለዚህ ዓይነት ክስ የተፋጠነ ሥነ ሥርዓት አለ። ያን ጊዜ ዳኛው የሚያየው ውላችሁን፣ ፎቷችሁንና የተጻጻፋችሁትን ነው። አባቶች «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለዚህ ነው።

ተከራይ ስንመርጥ

በጥር 2012 በኪርያት ማላኪ የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል ተብሎ ወጣቶቻችን ሰልፍ ወጥተው ነበር። ያን ጊዜ በር የተዘጋብን እኛ ነበርን። ዛሬ ቁልፉ በእጃችን ሲሆን፣ ደላላው «ከየትኛው ወገን ተከራይ አልፈልግም ይሉኛል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሳችን ምን ይሆናል? ተከራይን ሥራ አለው ወይ፣ ዋስ አለው ወይ፣ የቀድሞ አከራዩ ምን ይላል ብሎ መመርመር ተገቢ ነው። በመልኩና በትውልዱ መመርመር ግን የደረሰብንን በሌላ ላይ ማድረግ ነው።

ለልጆችም አንድ ቃል አለኝ። እናትና አባታችሁ ወረቀት ይዘው ሲደውሉ «ቆይ ቅዳሜ ማታ አየዋለሁ» አትበሉ። ደላላው እስከ ቅዳሜ ማታ አይጠብቅም። በስልክ ፎቶ አስልካችሁ፣ አንብባችሁ፣ በአማርኛ ንገሯቸው።

እናንተም ወላጆች፣ ለመጠየቅ አትፈሩ። «ካልጠየቁ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? ወረቀቱን ቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ሌሊት ይደርበት። በሕጉ ያንን የሚከለክላችሁ የለም። ቤታችሁ የበረከት ቤት ይሁንላችሁ።